ሞተሩ ሲሠራ የተነበበው ምዕራፍ

ሸዋዬ ስለ ባሏ ጥርስ መናገር ስትጀምር ናጅዋ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ያዘች።

«እንደ በቆሎ እሸት ፈለፈሉት፣» አለች ሸዋዬ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። እኔ በቁልፉ ቀዳዳ አያለሁ።»

በጦርነቱ የደረሰውን ግፍ ሊመዘግቡ ከአዲስ አበባ ከመጡት ሁለት መርማሪዎች አንዷ፣ ፍሬሕይወት የምትባለው፣ ድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል። የሥራ ባልደረባዋ ዓለምነህ ግን አላለቀሰም። ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳና ሸዋዬን ትክ ብሎ አያት። ናጅዋን ያስደነገጣት የሴትዮዋ እንባ ሳይሆን የዚህ ሰው ብዕር መነሳት ነው። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ መጽሐፍ ስታከራይ የኖረች ልጅ የአንባቢ ፊት አይጠፋትም። ሰው ድሮ ያነበበውን ዐረፍተ ነገር ባልጠበቀው ቦታ ሲያገኘው ፊቱ ልክ እንዲህ ነው የሚሆነው።

በቆሎውም፣ ቀደም ብላ ያነሳችው መጋዝም፣ የቁልፍ ቀዳዳውም የመልካሙ አሟሟት አይደሉማ። «ደም የጠገበ ቤት» ከሚባል ልብ ወለድ የወጡ ናቸው። ለሸዋዬ ያነበበችላት ደግሞ ራሷ ናጅዋ ናት።

ሸዋዬ እዚህ የቀበሌ አዳራሽ ድረስ የመጣችው አንድ ነገር ፈልጋ ነው፤ ባሏ በግፍ መገደሉ እንዲጻፍላት። መልካሙ የመርሳና የጎረቤቷ ከተማ የግራና አትክልተኛ ሁሉ የውሃ ሞተር ሲበላሽበት የሚጠራው ሰው ነበር። በሞተበት ቀን ደግሞ አንድ የውሃ ሞተር ሲንጎደጎድ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከተማዋን ይዘው የነበሩት ታጣቂዎች ከወጡ፣ የሸሸው ሰው ከተመለሰ በኋላ ወሬው ከዚያው ሞተር ተነሳ። ውሃ ሲስብላቸው ነበር ተባለ። ሎሌያቸው ነበር፣ ሲጣሉ ገደሉት ተባለ። ለቅሶው ላይ የተቀመጠው ሰው ማነሱ ያሳፍር ነበር። ልጇ ከትምህርት ቤት «የውሃ ቀጂው ልጅ» ተብላ እያለቀሰች ከተመለሰች ወዲህ ሸዋዬ ሌላ ሐሳብ የላትም። ለመርማሪዎቹ ስትናገርም ሞተር የሚባል ነገር ካፏ አልወጣም።

ዓለምነህ በለሆሳስ፣ ቀዳዳዋ የት ላይ እንደምትገኝ ጠየቃት። የጎረቤታችን የእህል መጋዘን በር ላይ ናት አለች። እንግዲያው ነገ ጠዋት መጋዘኑን አይተን እንጨርሳለን ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ።

ናጅዋ ያንን በር ታውቀዋለች። በውጭ በጓጉንቸር የሚዘጋ ድፍን ቆርቆሮ ነው። መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ የለውም።

*

ያ መጽሐፍ ከጦርነቱ በፊት የናጅዋ መደርደሪያ ንጉሥ ነበር። ሽፋኑ ላይ ከመስኮቶቹ ደም የሚንጠባጠብ ቤት ተሥሏል፤ ውስጡ አንድ አከራይ ተከራዮቹን ተራ በተራ እየገነጣጠለ የሚገድልበት ታሪክ ነው። ደራሲው ከሥጋ ቤት የተመረቀ ይመስል አንድም መገጣጠሚያ አይዘልም። ናጅዋ አባቷ ሲሞት ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ የቀረውን ትምህርት ከምታከራያቸው መጻሕፍት የተማረች ናት። ባለ ዲግሪ ደንበኛ ሲመጣ በጥያቄ አፋጥጣ ካላላበችው ቀኑ የዋለላት አይመስላትም። ይህን መጽሐፍ ስታከራይም ሰው ትንቅ ነበር። «አንተ አትችለውም፣ የተረት መጽሐፍ ልስጥህ» ትላለች፤ የተባለው ሰው በእልህ ይዞት ይሄዳል።

ባጃጅ ነጂው ሂሻም አንብቦ ምሳውን አስታወከ፤ በማግስቱ መጥቶ ክፍል ሁለት አለው ወይ አለ። አንድ ዲያቆን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰላትና ከውዳሴ ማርያሙ አጠገብ እንዳታስቀምጠው ለመናት። መምህር ንጉሴ ለተማሪ እንዳታከራይ ሊያስጠነቅቅ መጥቶ፣ እስቲ ምን እንደሚል ልመርምረው ብሎ ወሰደው፤ ሲመልሰው የሰባተኛው ምዕራፍ ገጾች ጥጋጥጋቸው ታጥፎ ነበር። የኪራይ መጽሐፍ ወግ ነውና የኋላው ባዶ ገጽ አንባቢው ሁሉ የልቡን የጻፈበት ነው። «ይሄን የጻፈ ሰው እናት አለችው?» ይላል አንዱ። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ «ነበረችው፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ ገደላት።» ከዚያ ዝቅ ብሎ በደቃቅ የሴት ልጅ ጽሑፍ፣ «በቆሎ መብላት አቆምኩ።»

ናጅዋ ይህን ገጽ ለምትወደው ሰው ታሳይ ነበር። ሰው በፈቃዱ ሲፈራ ማየት ደስ ይላታል። ሲፈሩ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ባለ ዲግሪውም፣ ባለ ባጃጁም።

በነሐሴ ታጣቂዎቹ ወልድያን ይዘው ወደ መርሳ ሲወርዱ እግር ያለው ወደ ደሴ ነጎደ። የናጅዋ እናት ቀደም ብላ ደሴ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ናጅዋ ዛሬ ነገ ስትል መንገዱ ተዘጋባት። መደርደሪያዋን ሻይ አፈሉበት፤ ከእሳት የተረፈ መጽሐፍ አልነበረም። ይሄ አንዱ የቀረው በሂሻም ምክንያት ነው። ባጃጁን አስነስቶ ሲሸሽ በሯ ላይ ቀዝቀዝ አድርጎ፣ የሰው ንብረት ይዤ አልሰደድም ብሎ ወርውሮላት አለፈ።

ያስጠጓት ጎረቤቷ ጋሽ አብዱልሐሊም ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ግራና በሚወስደው በኩል ነው። ከጓሮ ብርቱካን አላቸው፤ ከብርቱካኑ ዳር የውሃ ሞተራቸው፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት ደግሞ መስኮት የሌለው የእህል መጋዘን አለ። ሸዋዬና መልካሙ አጥር ተጋሪዎቻቸው ናቸው፤ ልጃቸውን ቀድመው ደሴ ለዘመድ ልከዋታል። ታጣቂ በሰፈሩ ሲያልፍ የጋሽ አብዱልሐሊም ባለቤት እትዬ አሚና፣ ሸዋዬና ናጅዋ ከማሽላው ጆንያ ኋላ ይገባሉ፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ወንዶቹ ውጭ ይቀራሉ። ወንድ ሁሉ ከጠፋ ቤቱ ይፈተሻል ብለው ነው።

ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ነበር። ናጅዋ በሆዷ ተኝታ መጽሐፉን እዚያች ስንጥቅ ላይ ዘርግታ በሹክሹክታ ታነባለች። መጀመሪያ እትዬ አሚና፣ አዑዙ ቢላህ፣ ይሄ ምን ጉድ ነው ብለው ነበር። ትንሽ ቆይተው፣ ከዚያስ አሉ። ሸዋዬ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ሰነበተችና አንድ ቀን ነጠላውን አነሳችው። ውጭ ያለው ፍርሃት መጨረሻው አይታወቅም፤ ይሄኛው ግን ናጅዋ ገጹን ስታጥፍ ይቆማል። መጽሐፉ በኪራይ በዞረበት ዘመን ሁሉ እንደ እነዚህ ሦስቱ፣ አንዷ አንባቢ ሁለቱ ሰሚ ሆነው፣ የወደደው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከበሩ ውጭ የማያውቁት ድምፅ መጣ። ውሃ ይፈልጋሉ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ የመልካሙ ድምፅ ተሰማ፣ ቀስ ያለ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«አየር ስቧል፤ አይነሳም።»

ሸዋዬ ውሸቱን ዐወቀችው። ሞተሩን ነቅለው እንዳይወስዱት የናፍጣውን ቱቦ አላልቶ አየር ያሳበው ራሱ ነው። ከዚያ የማስነሻው ገመድ ሲጎተት ተሰማ። ደግሞ ተጎተተ። ስድብ፤ የመፍቻ ድምፅ፤ አሁንም ገመዱ። ሞተሩ አንዴ ሳለና ተነሳ።

ሸዋዬ በጨለማው ውስጥ ሳቀች። ሞተሩ ከተነሳ የፈለጉትን አገኙ፤ የፈለጉትን ካገኙ ይሄዳሉ። እትዬ አሚና አልሐምዱሊላህ ብለው የናጅዋን ጀርባ መታ መታ አደረጉና፣ በይ እስቲ በዚህ ጩኸት ማንም አይሰማሽም፣ አንዴ እንኳ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልን አሏት። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነበሩ። ናጅዋ በሙሉ ድምጿ አነበበች። እንደ ሬዲዮ ተራኪ እየወጣች እየወረደች፣ አከራዩ ባልየውን ወንበር ላይ ጠፍሮ፣ ሚስትየዋ በቁልፍ ቀዳዳ እያየች፣ መጋዙን፣ ጥርሱን፣ በቆሎውን አነበበች። በድምጿም ኮራች። ሞተሩ ናፍጣው እስኪያልቅ ሠራና ሳል ሳል ብሎ ጠፋ።

በሩን የሚከፍትላቸው ሰው ቶሎ አልመጣም። ፀሐይ ልትገባ ስትል ጋሽ አብዱልሐሊም ከፈቱ። እስከ ክርናቸው አፈር ነበሩ። መልካሙን ብርቱካኑ ሥር ቀብረውታል። ለራሳቸው ብለው ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡትን ከፈን ነው ያለበሱት፤ ቄስ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ዱዓ አድርገውለታል። ሸዋዬ ፊቱን ልየው ብላ መሬቱን ስትቧጥጥ እጇን ይዘው፣ አንድ ነገር ብቻ አሏት። ላየሁት እኔ እበቃለሁ፤ አንቺ አታዪውም፣ አትሰሚውም አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ለማንም፣ ለሚስታቸውም ለእትዬ አሚና እንኳ፣ ቃል ተንፍሰው አያውቁም።

*

ዓለምነህ ናጅዋን አዳራሹ በር ላይ ጠበቃት። አንቺ ብሎ ስለ ጀመረ እሷም አንተ አለችው። ወልድያ ሲማር ዶርም ውስጥ እጅ በእጅ ሲዞር ያነበበው መጽሐፍ እንደነበረ ነገራት። ስሙን አልጠራውም፤ መጥራትም አላስፈለገውም።

«እኔ ካስታወስኩት ሌላ ሰውም ያስታውሰዋል፣» አለ። «ይሄን ሁሉ ቃል ውሸት ነው የሚል ሰው አንዲት ገጽ ትበቃዋለች። መጽሐፉን ከፍቶ ያሳያል፤ ከዚያ ወዲያ የእሷ ባል ብቻ አይደለም፣ የመርሳ ሙት ሁሉ ተረት ይሆናል። ነገ ያንኑ ከደገመች እሰርዘዋለሁ።»

 ናጅዋ ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሸዋዬ ሄደች።

ሸዋዬን ያገኘቻት ደጃፏ ላይ ማሽላ ስታበጥር ነው። በሯ በዘረፋው ጊዜ ተነቅሏል፤ በምትኩ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ፊቷ ቀለል ብሎ ነበር፤ የከበዳትን አውርዳ የመጣች ሰው ፊት።

«አየሽ ልጅቱ እንዴት እንዳለቀሰች?» አለች። «አመነችኝ።»

ናጅዋ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር። አንዱንም አላለችውም። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣችና መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጥጉ ከታጠፈበት ከፍታ፣ ያንን ቦታ አነበበችላት። ዜማውን ትታ፣ በተራ ድምፅ። ሸዋዬ ወንፊቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ከእኔ ሰምቶ ነው የጻፈው?»

«ከጦርነቱ በፊት የታተመ ነው፣ እትዬ። መጋዘን ውስጥ ያነበብኩልሽ ነው። ሞተሩ ሲሠራ።»

«ታዲያ መልካሙን በምን ዐወቀው?»

ናጅዋ አላወቀውም አለቻት። ሰውየው ከነአከራዩ፣ ከነሚስቲቱ፣ ከነቁልፍ ቀዳዳው ፈጠራ መሆኑን፣ የመጋዘኑ በር ድፍን መሆኑን፣ ያን ቀን ሦስቱም ከጆንያው ኋላ ምንም እንዳላዩ ቀስ እያለች ነገረቻት። ሸዋዬ መጀመሪያ ተቆጣች። አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ ነገር ማጣመም ነው ሥራሽ አለቻት፤ ባሌን በወረቀት ልትለውጪብኝ መጣሽ አለቻት። ናጅዋ ስድቡን ሁሉ ጠጣችው። ደግሞም የሚገርመው፣ ሸዋዬ አልዋሸችም። ዐይኗን በጨፈነች ቁጥር የምታየው ያንን ወንበርና ያንን ሰው ነው፤ የሰውየው ፊት የመልካሙ ፊት ነው። ሌላ የምታየው የላትም።

«ይሄን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል?» አለች በመጨረሻ። ቁጣው ወጥቶላት ነበር። «ሬሳውን አላየሁ። ጩኸቱን አልሰማሁ። ዐሥር ጊዜ ጠየቅኳቸው፣ ጋሽ አብዱልሐሊም አፋቸውን ዘጉ። ባሏ የሞተባት ሴት ሁሉ አሟሟቱን ታውቃለች። እኔ የማውቀው ያነበብሽልኝን ነው።»

«ሞተሩን ሰምተሻል።»

«ሞተሩን አትጥሪብኝ።»

«እሱ ነው ያለሽ።»

«ሞተሩን አስነሳላቸው ብዬ በአፌ ልናገር? አገሩ የሚለውን እኔ ልጨምርበት? ልጄን ምን እንደሚሏት ታውቂያለሽ።» ወንፊቱን አንስታ መታ መታ አደረገች፤ የወረደ ነገር አልነበረም። «ወንበር ላይ ታስሮ የሞተ ሰው ሎሌ አይባልም።»

ናጅዋ ይሄኛውን አላሰበችውም ነበር። ሸዋዬ የመጽሐፉን ታሪክ የሙጥኝ ያለችው ባልዋን ንጹሕ ስለሚያደርግላት ጭምር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሞተር የለም።  ወደ ሐራ ከተማ የሚሄድ መኪና በአስፋልቱ አለፈ፤ የጎረቤት ፍየል መጥታ ከማሽላው ልትቀምስ ስትል ሸዋዬ በእጇ ገፋቻት። ከዚያ ወደ መጽሐፉ በአገጯ አመለከተች።

«ያ አከራይ፣» አለች። «መጨረሻው ላይ ምን ሆነ? ሳንጨርሰው ነው የቀረነው። ተያዘ?»

«ተያዘ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ፖሊሶች መጡ፤ ተፈረደበት።»

ሸዋዬ ጥቂት አሰበች።

«እንግዲያስ ፈጠራ ነው፣» አለች፤ ወንፊቱንም አስቀመጠችው።

*

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዎቹ ሸዋዬንና ናጅዋን መጋዘኑ በር ላይ ቆመው አገኟቸው። ዓለምነህ በሩን በእጁ ዳሰሰው፤ ቀዳዳ ስለመፈለጉ ግን ምንም አላለም። ፍሬሕይወት ድምፅ መቅጃውን ከፈተች። ሸዋዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትናንት ያልኩትን ተዉት አለች። በቀዳዳ አላየሁም፤ ቀዳዳ የለም። ትናንት ያልኩት ይቺ ልጅ ያነበበችልኝ ነው፣ ያኔ እውነት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ያለውን ተናገረች። ውሃ ፈልገው መጡ። አየር ስቧል አላቸው። ገመዱን ጎተተ። ሞተሩን አስነሳላቸው። ይሄን ስትል ወደ ናጅዋ ዞር አለችና ተመለሰች። ሞተሩ ናፍጣው እስኪያልቅ ሠራ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። የሰማሁት ይሄ ነው።

ፍሬሕይወት የቀረ ካለ ብላ ጠበቀች። «ይኸው ነው?» አለች።

ናጅዋ ምላሷን ልትይዘው ሞከረች፤ አልተያዘላትም። «ትናንት ለልብ ወለዱ አለቀስሽ፤ ዛሬ ለሆነው ምን አነሰሽ?»

ፍሬሕይወት ቀላች። ዓለምነህ ግን ነገሩን አስረዳቸው፤ ክፋት አልነበረውም። ይህ ቃል እንዲሁ ከቆመ፣ ሞተር አስነሳ፣ ከዚያ ሞተ የሚል ብቻ ነው፤ ወሬውን አያፈርስም፣ እንዲያውም ይደግፋል። የሆነውን ያየ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ሁሉም የሚያውቁት ሰው ብርቱካኑ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ።

ናጅዋ ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች። በሕይወቷ ለማንም ተንበርክካ አታውቅም።

«ጋሽ አብዱልሐሊም፣ አንቱ ካልተናገሩ መልካሙ ሎሌ ሆኖ ይቀራል።»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። እሷ አትሰማውም ብዬ። መሬት ላይ ሆና እጇን ይዤ።»

«እሷ ትግባ፣ በሩ ይዘጋ።»

«ቆርቆሮ ነው። አንቺ እዚያ ሆነሽ የውጭውን ሁሉ ስትሰሚ አልነበር?»

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ሞተሩ ተመለከቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም፤ በላዩ የብርቱካን ቅጠል ረግፎበታል። ጋሽ አብዱልሐሊም መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱና እያቃሰቱ ተነሱ። የናፍጣ ጄሪካን ከቤት አመጡ። ዓለምነህን ጠርተው፣ ሞተሩ ይነሳል፣ እሱ እየሠራ ጆሮህን አምጣ፣ ሲጠፋ እኔም አበቃሁ አሉት፤ ያንን ማሽን ግን አልፈልግም፣ በእጅህ ጻፈው። ሸዋዬ ሰማች። ምንም ሳትል ወደ መጋዘኑ ገባች፤ ናጅዋም ተከተለቻት። በሩ ከውጭ ተዘጋ።

ሞተሩ እንቢ አለ። ገመዱ ተጎተተ፤ ደግሞ ተጎተተ። የሸዋዬ እጅ በጨለማው ውስጥ የናጅዋን ክንድ ፈልጎ ያዘ። ሲነሳ ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ናጅዋ በሆዷ ተኛችና ዐይኗን እዚያው በበሩ ሥር፣ መጽሐፉን ትዘረጋበት በነበረው ቦታ አደረገች። ሁለት ጥንድ እግር ይታያል። የጋሽ አብዱልሐሊም በረባሶ ጫማ መሬቱን ጠምዶ ቆሟል። የዓለምነህ ቆዳ ጫማ ጠጋ ብሏል፤ ጆሮውን ሰጥቶ ነው።

«ምን ይላሉ?» አለች ሸዋዬ፣ በናጅዋ ጆሮ ሥር እየጮኸች።

«አይሰማም።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ቆመዋል።»

ጥቂት ቆይቶ ቆዳ ጫማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። በረባሶው አልተንቀሳቀሰም። ቆዳ ጫማው ተመለሰ። ሞተሩ ይንጎደጎዳል። ከዚያ አንድ ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ፤ የሚያነሳው እጅ ግን አልመጣም። ዓለምነህ ተቀመጠ። እንደ ልጅ አፈሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ መዳፉ መሬቱን ተደግፎ፣ ጣቶቹ አፈሩን ጨምድደው ለናጅዋ ታዩአት። ባጃጅ ነጂው፣ ዲያቆኑ፣ መምህሩ፣ የሁሉንም ፊት በቃሏ ታውቃለች። እንዲህ ያለ እጅ ያለው አንባቢ መጥቶላት አያውቅም።

«አሁንስ?»

ናጅዋ ሲያነቡ ቃል መዝለል የሰነፍ ሥራ ነው የምትል ልጅ ነበረች። የከበደ ቦታ ሲመጣ የሚያልፉ ሰዎችን ስታንጓጥጥ ነው ያደገችው።

«እንደቆሙ ናቸው፣» አለች።

ሸዋዬ ጭንቅላቷን የናጅዋ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ሁለተኛ አልጠየቀችም። ምን ያህል ናፍጣ እንደፈሰሰ የሚያውቁት ጋሽ አብዱልሐሊም ብቻ ናቸው፤ ሞተሩ ብዙ ሠራ። በመጨረሻ ሳል አለ፤ ዝቅ አለ፤ ደግሞ ሳል አለና ጠፋ። ጆሯቸው ውስጥ ድምፁ ጥቂት ቆየ።

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዐይናቸውን ወጋው። ጋሽ አብዱልሐሊም ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ብርቱካኑ እየሄዱ ነበር። ዓለምነህ ልብሱ ላይ አፈር አለ፤ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አጥፎ ይዞታል። ሸዋዬ ፊቱን አላየችም፤ እጁን ብቻ አየች።

«ጻፉት?» አለች።

«ጽፌዋለሁ።»

«ሎሌ ነበር ይላል?»

«አይልም፣ እትዬ።»

ሸዋዬ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄደች፤ አሁንም ትኩስ ነበር። የረገፈውን የብርቱካን ቅጠል ከላዩ ላይ በእጇ ጠረገችለት።